የካንሰር አንቲጂን አፈላለግ፦ ደሴ ላይ በላፕቶፕ ጀምሮ ቲ-ሴል ፊት እስከማቅረብ

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ወይም ሜዲካል ላቦራቶሪ የሚማሩ ልጆች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ስለ ኢሚውኖቴራፒ፣ የሰውነትን መከላከያ ተጠቅሞ ካንሰርን ስለማከም፣ እናነባለን፤ ግን እኛ ከደሴ ሆነን ምን ልንሠራ እንችላለን?» ይላሉ። ብዙ ልትሠሩ ትችላላችሁ። የካንሰር አንቲጂን (የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ካንሰርን የሚለዩበት ምልክት) ፍለጋ የመጀመሪያው ግማሽ በላፕቶፕና በነፃ የመረጃ ቋት የሚሠራ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ደም፣ ላቦራቶሪና ትዕግሥት ይፈልጋል። እዚህ ሁለቱንም በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ቲ-ሴል የሚባለው የሰውነት ተከላካይ ሴል የካንሰርን ሴል በሙሉ አያይም። የሚያየው አጫጭር የፕሮቲን ቁርጥራጮችን ነው፤ ፔፕታይድ ይባላሉ። ሴሎቻችን በውስጣቸው የሚሠሩትን ፕሮቲን ቆራርጠው፣ ኤችኤልኤ በሚባል ሞለኪውል ላይ አድርገው ወደ ገጻቸው ያወጡታል። እህል ሰፌድ ላይ አድርጎ ደጅ እንደ ማስጣት ነው፤ አላፊ አግዳሚው ጓዳ ሳይገባ ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃል። ቲ-ሴል በዚያ አልፎ የተሰጣውን ይመረምራል። እንግዳ ነገር ካየ ሴሉን ይገድላል።

በቲ-ሴል የሚታወቅ የሰው ካንሰር አንቲጂን ለመጀመሪያ ጊዜ በዘረ-መል ደረጃ የተለየው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በእ.ኤ.አ. ናቸው)። ብራስልስ ውስጥ የቲየሪ ቦን ቡድን ከአንዲት የሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር ዓይነት) ታማሚ ሴሎች ተነስቶ ማጅ-1 የተባለውን ዘረ-መል አገኘ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው በጣም ተቀይሯል። አንድ ሐቅ ግን አልተቀየረም፤ ኮምፒውተር የሚሰጠን ዕጩ ብቻ ነው። አንቲጂን ነው ለማለት ቲ-ሴል አይቶት መነሳት አለበት። ይህን ከያዛችሁ የቀረው መንገድ አያስታችሁም።

ደረጃ 1፦ ካንሰሩንና የአንቲጂኑን ዓይነት ምረጡ

የካንሰር አንቲጂኖች በምንጫቸው ይለያያሉ። አንዳንዶቹ ከቫይረስ ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ካንሰሩ ውስጥ በተፈጠረ ሚውቴሽን፣ ማለትም በዘረ-መል ለውጥ፣ የሚወለዱ ናቸው፤ ኒዮአንቲጂን ይባላሉ። ሌሎቹ እንደ ማጅና ኤንዋይ-ኢሶ-1 ያሉ፣ በጤነኛ አዋቂ ሰው ከዘር ፍሬ ውጭ እምብዛም የማይገኙ ፕሮቲኖች ናቸው። እንደ ሜላን-ኤ ያሉ ጤነኛው ሕብረ ሕዋስም የሚሠራቸው፣ እንደ ሄር2 ያሉ ደግሞ ካንሰሩ ከመጠን በላይ የሚያመርታቸውም አሉ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰውነታችን ስለሚያውቃቸው ጠንካራ ቲ-ሴል ላይገኝ ይችላል። ከተገኘም ጤነኛውን አካል ሊጎዳ ይችላል።

ለጀማሪ የእኔ ምክር የማህፀን በር ካንሰር ነው። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። መንስኤው ኤችፒቪ ቫይረስ ነው፤ በዓለም ደረጃ 70 በመቶ ገደማ የሚሆነውን 16 እና 18 የተባሉት ዓይነቶች ያመጡታል። ካንሰሩ ለመኖር ኢ6 እና ኢ7 የሚባሉትን ሁለት የቫይረስ ፕሮቲኖች ይፈልጋል፤ በቀላሉ ሊጥላቸው አይችልም። ለቲ-ሴል ደግሞ ሁለቱም ባዕድ ናቸው። ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላውቅም።

እግረ መንገዴን ለእህቶችና ለእናቶች አንድ ነገር ልናገር። ይህ ሁሉ ምርምር ገና ሕክምና አይደለም። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የማህፀን በር ቅድመ ምርመራ አድርጉ። የኤችፒቪ ክትባት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን ለልጃገረዶች እየተሰጠ ነው። ልጆቻችሁን አስከትቡ።

ደረጃ 2፦ ፈቃድና ናሙና

በነፃ መረጃ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ደረጃ ዝለሉት። ከታማሚ ናሙና የምትወስዱ ከሆነ ግን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይቀድማል። ናሙናው ከአገር የሚወጣ ከሆነ የናሙና ዝውውር ስምምነትም ያስፈልጋል።

ፈቃዱ ወረቀት ላይ ማስፈረም ብቻ እንዳይሆን። ከወረኢሉ ወይም ከከላላ የመጡ እናት ፊት ቁጭ በሉና በቀላል አማርኛ አስረዱ። «እማማ፣ ከዕጢው ትንሽ ቆርሰን፣ ደምም ጥቂት ወስደን እናጠናለን። ጥናቱ ለእርስዎ ሕመም አሁን የሚሰጠው መድኃኒት የለም። ወደፊት ለሌሎች ሊጠቅም ይችላል። እምቢ ቢሉም ሕክምናዎ አይቋረጥም።» ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ከቤተሰብ ጋር ልማከር ካሉ ይማከሩ። የወሎ ሰው እንግዳን አያሳፍርም፤ አክብሮት ብሎ «እሺ» ሊል ይችላል። ያ እሺታ በይሉኝታ የመጣ እንዳልሆነ ማረጋገጥ የእናንተ ኃላፊነት ነው።

ናሙናው ሁለት ነው፤ የዕጢ ቁራጭና ደም። ደሙ ለሦስት ነገር ያገለግላል፤ ጤነኛውን ዲኤንኤ ለማወቅ፣ ኤችኤልኤ ለመለየት፣ ቲ-ሴል ለማግኘት። ፓቶሎጂ ክፍል ውስጥ በፎርማሊን የተቀመጠ ዕጢ ዲኤንኤው የተጎዳ ነው። ሲ የነበረው ፊደል ቲ ሆኖ ሊነበብ ይችላልና የሌለ ሚውቴሽን ያሳያል። ከተቻለ ቁራጩን ወዲያው አቀዝቅዙት። የቲ-ሴሉ ደም በተቀዳበት ቀን መለየት አለበት። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ደሙን እንዳለ ከመላክ ሴሎቹን እዚሁ ለይቶ አቀዝቅዞ መላክ ይሻላል። ለረጅም ጊዜ ማቆያ ፈሳሽ ናይትሮጅን ከፍሪጅ ይመረጣል። መብራት ቢጠፋም ሴሎቹ አይሞቱም፤ ናይትሮጅኑ ሳያልቅ መሙላት ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ ኤችኤልኤውን እወቁ

ብዙ ተማሪዎች ይህን በችኮላ ያልፉታል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ እንድትቆዩ እፈልጋለሁ።

እያንዳንዱ ሰው ኤ፣ ቢ እና ሲ ከሚባሉት ዋና ዋና ኤችኤልኤዎች ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ይወርሳል። ስለዚህ እስከ 6 የተለያዩ ዓይነቶች ይኖሩታል። በዓለም ላይ የተመዘገቡት ዓይነቶች ግን ከ20,000 በላይ ናቸው። እያንዳንዱ ዓይነት የሚይዘው ፔፕታይድ የተለየ ነው። ለአንዷ ታማሚ አንቲጂን የሆነው ለጎረቤቷ ላይሆን ይችላል።

በጥናት ጽሑፎች ላይ በብዛት የምታገኙት ኤ*02፡01 የሚባለውን ነው። ምክንያቱ በአውሮፓ ተወላጆች ዘንድ በብዛት መገኘቱ ነው። የመተንበያ ፕሮግራሞችም በብዛት የተማሩት ከዚያው መረጃ ነው። የአፍሪካ ሕዝቦች የኤችኤልኤ ብዝኃነት ሰፊ ሆኖ ሳለ መረጃው ትንሽ ነው። ታዲያ የወሎ ታማሚ ላይ እየሠራችሁ ኤ*02፡01ን ከጽሑፍ ገልብጣችሁ ማስገባት ሥራውን ከንቱ ያደርገዋል።

ይህ ወረቀት ላይ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቴሴልራ የተባለ ሕክምና አጸደቀች። ማጅ-ኤ4 የሚባለውን አንቲጂን እንዲያይ የተሠራ ቲ-ሴል ነው፤ ሳይኖቪያል ሳርኮማ ለሚባል ካንሰር ይሰጣል። የሚሰጠው ግን ዕጢያቸው ማጅ-ኤ4 ላለበትና የተወሰኑ የኤ*02 ዓይነቶች ላሏቸው ታማሚዎች ብቻ ነው። ሌላው ታማሚ ዕጢው ያው ሆኖ ሕክምናው አይሠራለትም። የእኛ ሰው ኤችኤልኤ ካልተጠና፣ ነገ የሚመጣው መድኃኒት ለእኛ ሰው ልኩ ላይሆን ነው። ደሴ ላይ ያለ ተማሪ ሊሞላው የሚችል ክፍተት ይህ ነው።

በተግባር፦ የታማሚዋ ዲኤንኤ ተነቦ ከሆነ ኦፕቲታይፕ ወይም ኤችኤልኤ-ኤችዲ የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ዓይነቱን ያወጡላችኋል። ናሙና ከሌላችሁ ደግሞ አሌል ፍሪኩዌንሲ የተባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ግቡ፤ ከኢትዮጵያና ከአካባቢው ሕዝቦች የተመዘገበውን ፈልጉና በዚያ ጀምሩ።

ደረጃ 4፦ የዕጩዎችን ዝርዝር አውጡ

በቫይረሱ መንገድ እንሂድ። ዩኒፕሮት የሚባለውን የፕሮቲን ቋት ክፈቱና ፒ03129 ብላችሁ ፈልጉ። የኤችፒቪ-16 ኢ7 ፕሮቲን ይመጣላችኋል። ርዝመቱ 98 አሚኖ አሲድ ነው፤ አሚኖ አሲድ የፕሮቲን ሰንሰለት ቀለበት ነው፣ እያንዳንዱም በአንድ ፊደል ይጻፋል። ኤችኤልኤ ክፍል 1 (ኤ፣ ቢ እና ሲ ያልናቸው) የሚይዘው ከ8 እስከ 11 አሚኖ አሲድ ያለውን ፔፕታይድ ነው፤ በአብዛኛው 9። ባለ 9ኙን ከ1ኛው ፊደል ጀምራችሁ አንድ አንድ እየተራመዳችሁ ብትቆርጡ 90 ፔፕታይድ ታገኛላችሁ። ከ8 እስከ 11 ያሉትን ሁሉ ካካተታችሁ 358 ይሆናሉ። መጀመሪያ አንድ ሃያውን በእጃችሁ ቁረጡ። ፕሮግራሙ የሚሠራው ምን እንደሆነ በደንብ የሚገባችሁ ያኔ ነው።

የሚውቴሽኑ መንገድ ረዘም ይላል። የዕጢውም የደሙም ዲኤንኤ ይነበባል። በዕጢው ኖሮ በደሙ የሌለውን ሚውቴክት2 በተባለው ፕሮግራም ትለያላችሁ። ከዚያ ቪኢፒ የትኛው ሚውቴሽን ፕሮቲን እንደሚቀይር ይነግራችኋል። ከተቀየረው አሚኖ አሲድ ግራና ቀኝ 8 8 ጨምራችሁ ትቆርጣላችሁ፤ ሚውቴሽኑን የያዙ ባለ 9 ፔፕታይዶች 9 ይሆናሉ። ኬራስ በሚባለው ፕሮቲን 12ኛ ቦታ ላይ ግላይሲን ወደ አስፓርቴት ሲቀየር የሚፈጠረው ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2016 የወጣ ጥናት፣ ሲ*08፡02 ያላት አንዲት የአንጀት ካንሰር ታማሚ ይህንን የሚያዩ የራሷ ቲ-ሴሎች ተባዝተው ተሰጥተዋት ሳንባዋ ላይ የተሰራጨው ዕጢ መቀነሱን አሳይቷል።

ኃይለኛ ኮምፒውተር የለንም ብላችሁ አትተዉት። ጋላክሲ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ሥራው በእነሱ ሰርቨር ይሠራላችኋል። ፋይሉን የምትጭኑት ግን ኔትወርኩ ቀለል በሚልበት ሌሊት ይሁን። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያሉ የኮምፒውተር ልጆችንም አስገቡ፤ ይህ ሥራ የባዮሎጂ ተማሪ ብቻውን የሚወጣው አይደለም።

ደረጃ 5፦ ትንበያ

አይኢዲቢ የተባለውን ነፃ ቋት ክፈቱ፤ ኔትኤምኤችሲፓን የተባለው መተንበያ እዚያ አለ። የፕሮቲኑን ቅደም ተከተል፣ የታማሚዋን ኤችኤልኤና ርዝመቱን አስገቡ። ውጤቱ በደረጃ መቶኛ ይመጣል። በተለምዶ ከ0.5 በታች የሆነው ጠንካራ፣ ከ2 በታች የሆነው ደካማ ተጣባቂ ይባላል። በድሮው ልኬት ደግሞ ከ500 ናኖሞላር በታች የሆነው ይወሰድ ነበር። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ፔፕታይዱ ኤችኤልኤው ላይ አጥብቆ ይቀመጣል።

ለልምምድ ኤ*02፡01ን ከኢ7 ጋር ሞክሩ። መልሱ የታወቀ ስለሆነ ራሳችሁን ታርሙበታላችሁ። ይህ ኤችኤልኤ 2ኛው ቦታ ላይ ሉሲን ወይም ሜቲዮኒን፣ 9ኛው ላይ ቫሊን ወይም ሉሲን ይወዳል። ከ82 እስከ 90 ያለውን እዩት፦ ኤል-ኤል-ኤም-ጂ-ቲ-ኤል-ጂ-አይ-ቪ። ልክ የሚፈልገውን ይዟል። ከ11 እስከ 19 ያለው ደግሞ ዋይ-ኤም-ኤል-ዲ-ኤል-ኪው-ፒ-ኢ-ቲ ነው። መጨረሻው ቲ በመሆኑ ሕጉን በትክክል አይጠብቅም። ሆኖም ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለየው በማስ ስፔክትሮሜትሪ የካንሰር ሴሎች ገጽ ላይ ተለይቶ የተገኘ ፔፕታይድ ነው። ሕጉን በዓይን ብቻ ያየ ሰው ይጥለው ነበር።

ደረጃ 6፦ ማጣራት

ከትንበያው የወጣው ዝርዝር ይረዝማል። እያንዳንዱን ዕጩ መጠየቅ አለባችሁ። ፕሮቲኑ ዕጢው ውስጥ በእርግጥ ይመረታል ወይ? ለዚህ የአርኤንኤ ንባብ ያስፈልጋል። ሚውቴሽኑ ሁሉም የካንሰር ሴሎች ላይ አለ ወይስ ጥቂቶቹ ላይ? ዕጢው ያንን ኤችኤልኤ ጥሎታል ወይ? ካንሰር ከቲ-ሴል ለመደበቅ ኤችኤልኤውን የሚጥልበት ጊዜ አለ።

ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ግን ይህ ነው፤ ይህን የሚመስል ጤነኛ ሰውነት ላይ አለ ወይ?

ለምን ከባድ እንዳልኩት ልንገራችሁ። ማጅ-ኤ3 ላይ ያነጣጠረ፣ እንዲጠነክር ተደርጎ የተሻሻለ ቲ-ሴል ለታማሚዎች ተሰጥቶ ነበር። ኢላማው ኤ*01፡01 ላይ የሚቀመጠው ኢ-ቪ-ዲ-ፒ-አይ-ጂ-ኤች-ኤል-ዋይ ነበር። ሕክምናውን የወሰዱት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ታማሚዎች በልብ ጉዳት ሞቱ። በ2013 በታተሙት ጥናቶች ምክንያቱ ተገለጠ። የልብ ጡንቻ ውስጥ ያለው ቲቲን የተባለ ፕሮቲን ኢ-ኤስ-ዲ-ፒ-አይ-ቪ-ኤ-ኪው-ዋይ የሚል ፔፕታይድ አለው። ሁለቱን ከላይና ከታች አድርጋችሁ ጻፏቸው። ከ9ኙ ፊደላት 5ቱ አንድ ናቸው። ቲ-ሴሉ የልብን ጡንቻ ካንሰር ነው ብሎ ገደለው።

ስለዚህ ዕጩአችሁን ብላስት በተባለው ፕሮግራም ከሰው ፕሮቲን ሁሉ ጋር አስተያዩት። ሙሉ በሙሉ የሚገጥመውን ብቻ አትፈልጉ። የቲቲኑ 4 ፊደል ተለይቶም ሰው ገድሏል። መሃል ላይ ያሉት፣ ከ4ኛ እስከ 7ኛ ያሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቲ-ሴሉ የሚነካቸው ስለሆኑ በተለይ እዩአቸው። ተመሳሳዩ ልብ፣ አንጎል ወይም ሳንባ ውስጥ የሚመረት ከሆነ ዕጩውን ተዉት። ምንም ያህል ጥሩ ቁጥር ቢኖረው ተዉት።

ደረጃ 7፦ ገጹ ላይ መውጣቱን ማየት

ማስ ስፔክትሮሜትሪ ያለበት ላቦራቶሪ አጋር ካላችሁ፣ ደብሊው6/32 በተባለ ፀረ-አካል ኤችኤልኤዎቹ ከነፔፕታይዳቸው ከሴሉ ይለቀማሉ። ከዚያ ፔፕታይዶቹ ይነበባሉ። ብዙ ሕብረ ሕዋስ ይፈልጋል፤ ከትንሽ ባዮፕሲ አይሆንም። ከሌላችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ደረጃ 8፦ ቲ-ሴሉን ጠይቁ

አሁን ነው ዕጩው የሚፈተነው። በሰፊው የሚሠራበት ኤሊስፖት ነው። ቲ-ሴል ሲነሳ ኢንተርፌሮን-ጋማ የሚባል የመልእክት ፕሮቲን ይለቃል። ኤሊስፖት እያንዳንዱ የተነሳ ሴል የለቀቀውን እንደ ነጠብጣብ ያሳያል።

ዕጩ ፔፕታይዶቹ በትዕዛዝ ይሠራሉ፤ ዲኤምኤስኦ በሚባል ማሟሚያ ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟሉ። ከደም የተለዩት ሴሎች በእያንዳንዱ ጉድጓድ 200,000 ገደማ ይደረጋሉ። ፔፕታይዱ ይጨመራል። በ37 ዲግሪ፣ በ5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ይቆያሉ። ከዚያ ይታጠባል፣ ይቀለማል፣ ነጠብጣቡ ይቆጠራል። ኢ7ን የሚያዩ ቲ-ሴሎች ደም ውስጥ በጣም ጥቂት ስለሆኑ፣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ከፔፕታይዱና ቲ-ሴልን ከሚያባዛው ኢንተርሉኪን-2 ጋር ወደ 10 ቀን ማባዛት ያስፈልጋል።

ማነጻጸሪያ የሌለው ኤሊስፖት ዋጋ የለውም። ዲኤምኤስኦ ብቻ ያለበት ጉድጓድ ይኑራችሁ፤ ሴሎቹ ያለ ምክንያት ምን ያህል እንደሚነሱ ይነግራችኋል። ፒኤችኤ የተባለው ቀስቃሽ ያለበትም ይኑራችሁ፤ ሴሎቹ በሕይወት መኖራቸውን ያሳያል። ሁሉንም በሦስት በሦስት ጉድጓድ ሥሩ። «ይህን ያህል ከሆነ አዎንታዊ እንላለን» የሚለውን ቁጥር ሙከራው ሳይጀመር ጻፉና ፈርሙበት። ውጤቱን ካያችሁ በኋላ መስመሩን ማንቀሳቀስ ራስን ማታለል ነው።

ነጠብጣቡ ከወጣ አንድ ፈተና ይቀራል። ፔፕታይዱን እናንተ ስታቀርቡለት የተነሳ ቲ-ሴል፣ ካንሰሩ ራሱ ሲያቀርብለት ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ቲ-ሴሉን ከእውነተኛ የካንሰር ሴል ጋር አገናኙት። ለኢ7ና ለኤ*02፡01 ካስኪ የተባለው፣ ላቦራቶሪ ውስጥ እየተራባ የሚኖር የማህፀን በር ካንሰር ሴል መስመር ይሆናል፤ ሁለቱንም ይዟል። ኤችኤልኤውን በፀረ-አካል ስትከልሉት ምላሹ ከቀነሰ ቲ-ሴሉ ያየው በኤችኤልኤ በኩል ነው ማለት ነው።

አብዛኛው ዕጩ እዚህ ይወድቃል። በ2020 ብዙ ቡድኖች ተባብረው ባሳተሙት ቴስላ በተባለው ጥናት፣ የተመረጡ 608 ፔፕታይዶች ተፈትነው ቲ-ሴል ያየላቸው 37 ብቻ ነበሩ። 6 በመቶ ማለት ነው። ምርጥ የሚባሉት ቡድኖች ውጤት ይህ ነው። ከ20 ዕጩ አንድ ካገኛችሁ ጥሩ ሠርታችኋል።

ቫይረስ ላይ ብቻ እንዳትጣበቁም አንድ ጥናት ላንሳ። ወደ ሌላ አካል የተሰራጨ የማህፀን በር ካንሰር ይዟቸው፣ በራሳቸው ቲ-ሴል ታክመው ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው ሁለት ሴቶች ነበሩ። ቲ-ሴሎቹ ምን እንደሚያዩ ሲጠና ኢ6ና ኢ7 ይሆናሉ ተብሎ ተገምቶ ነበር። በ2017 የታተመው ውጤት ግን ሌላ ሆነ። ጠንካራው ምላሽ የነበረው በሚውቴሽን በተፈጠሩ ኒዮአንቲጂኖችና በዘር ፍሬ ፕሮቲን ላይ ነው። ስለዚህ ናሙናና አቅም ካላችሁ ከደረጃ 4 ሁለቱንም መንገድ ሥሩ፤ ኤሊስፖቱ ላይ አብራችሁ ፈትኗቸው።

ደረጃ 9፦ መዝግቡ

የታማሚዋን ስም አስወጥታችሁ በኮድ፣ ኤችኤልኤውን በሙሉ፣ እያንዳንዱን ፔፕታይድ፣ የተፈተነውንና የወደቀውንም ጻፉ። የወደቁት በተለይ ይጠቅማሉ። መተንበያ ፕሮግራሞቹ የሚሻሻሉት «ይህ በዚህ ኤችኤልኤ ላይ አልሠራም» የሚል መረጃ ሲያገኙ ነው። ከኢትዮጵያ የሚገባው ደግሞ እስካሁን እጅግ ጥቂት ነው። የታተመ የኤፒቶፕ (ቲ-ሴል የሚያየው ቁራጭ) ውጤት በነፃ የሚሰበሰበው አይኢዲቢ ላይ ነው። ለመመረቂያ የሠራችሁት መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር፣ ከአማካሪያችሁ ጋር ሆናችሁ እዚያ አስገቡት።